ፒንዳ ሁለት ጊዜ ተሻገረች

ሴፈስ ከተቀበረ በኋላም ትንሿ ልጁ ከእሱ ጋር ማውራቷን አላቆመችም።

የወጣላት ስም ማርሴላ ነው፤ ግን ደሴቷ ላይ በወጣለት ስም የሚጠራ ልጅ ስለሌለ ሁሉም ፒንዳ ይላታል፣ ለውዝ ማለት ነው። ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሸሽና ጭቃው ሲገለጥ ከቤት ሾልካ ትወጣና ጀልባ ማሰሪያው ግንድ ላይ ትቀመጣለች። እግሯን እያወዛወዘች፣ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ ፊት ለፊቷ ከቆመ ረጅም ሰው ጋር እንደምታወራ ታወራለች። ትጠይቃለች፣ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትስቃለች።

እናቷ ሉቪኒያ ነገሩን መጀመሪያ ያየች ዕለት የያዘችው የሸርጣን ቅርጫት ከእጇ አመለጠ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከአባዬ።»

«አባዬ የት አለ?»

«ይኸው!» አለች ፒንዳ፣ እንዲህ የሚታይ ነገር እንዴት ይጠፋሻል በሚል ዓይነት። «ልብሱ ርጥብ ነው። አልደርቅ አለው።»

ሉቪኒያ እዚያው ልጇን አንጠልጥላ ወደ አማቷ ቤት መሮጥ ነበረባት። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሰው ደሴቷ ላይ የለም፤ በየቤቱ በርና መስኮት ዙሪያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ለጌጥ ሳይሆን ሙታን እንዳይገቡ ነው። እሷ ግን አልሮጠችም። ከልጇ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ዙሪያዋን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምን አለሽ?» ስትል ጠየቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉቪኒያ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት መጠበቅ ያዘች። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ባሏን በጣም ትወደው ነበር። ማን ይፈርድባታል?

ሴፈስ ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር። በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ከደሴቷ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ከሌሎች ጋር ንባብ ይማር ነበር። ጥቁር ሰው መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ከሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ በመዝጋቢው ፊት አንብቦ ማለፍ አለበት። ነጭም ያነባል ይባላል፤ ተንተባትቦ የተመለሰ ነጭ ግን እስካሁን አልታየም። የሴፈስ ቅድመ አያት ከባርነት በወጣ ማግስት ኮፍያውን አውልቆ፣ ጫማ ተውሶ፣ ድምፅ ሰጥቷል። ከዚያ ነጮቹ የሰጡትን መብት መልሰው ነጠቁት። ከዚያ ወዲህ ከደሴቷ ስሙን ያስመዘገበ አንድ ሰው አልነበረም። ሴፈስ የመጀመሪያው ለመሆን ቆርጦ ተነሣ። መረብ እየጠገነ አንቀጹን በቃሉ ይወጣዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ይደናቀፋል፣ አብራው ንባብ የምትማረው ሉቪኒያም ትስቅበታለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ በጀልባው ወደ ከተማ ተሻገረ። አልተመለሰም።

የመጣው የሬሳ ሣጥን ነው። የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ በራሱ የሞተር ጀልባ አምጥቶ ወደቡ ላይ አራገፈው። ጀልባው ተገልብጦ ሰጥሟል አለ። አስከሬኑ ተበላሽቷል፣ የጤና ሕግ ነውና እንዳይከፈት፣ የከፈተ ይታሰራል አለ። ክዳኑ ዙሪያውን በረጃጅም ምስማር ተመትቷል። አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ መቃብሩ ወሰዱት፤ ሸሪፉ እስኪቀበር ድረስ ከኋላ ቆሞ ተመለከተ።

ያም ሆኖ ከወጉ አንድም ነገር አልጎደለም። ሣጥኑን ወደ ጉድጓዱ ከማውረዳቸው በፊት ሁለት ወንበሮች ላይ አሳረፉት። ሉቪኒያ በዚህ በኩል ቆመች፣ የሴፈስ እናት ቢና በዚያ በኩል። ፒንዳን በሣጥኑ ላይ አሻገሯት፤ ይህ የሚደረገው ሟች ለሕፃኑ ያለው ፍቅር እንዳይዘው፣ ናፍቆት ጎትቶ እንዳይመልሰው ነው። «ሴፈስ፣ ልጅህን ልቀቅ» አለች ቢና፣ ልጅቷን ስትቀበል። የሚጠጣበትን ኩባያና የሚበላበትን ሳህን ሰባብረው መቃብሩ ላይ አኖሩ። ሁሉም እንደ ደንቡ ሆነ። ታዲያ ለምን መጣ?

ሉቪኒያ ይህን ጥያቄ አልጠየቀችም። መልሱን አልፈለገችውማ። እሷ የምትጠይቀው ሌላ ሌላውን ነበር፤ ይበርድሃል ወይ፣ ትዝ እልሃለሁ ወይ፣ የመረቡን ማስመጫ እርሳስ የት ነው ያስቀመጥከው። ፒንዳ አንገቷን ታቀናለች፣ ታዳምጣለች፣ ትመልሳለች። እርሳሱ ጣሪያው ሥር ካለው ጣውላ ኋላ ነው አለች፤ ሉቪኒያ ወጥታ ብትዳብስ አገኘችው። ዕቃውን ደረቷ ላይ አቅፋ ምሽቱን ሁሉ አለቀሰች፣ በደስታ።

ልጅቷ ግን መቅለል ጀመረች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። የቀረበላትን ሩዝ ወደ ዳር ትገፋና «ጠግቤያለሁ፣ ከአባዬ ጋር በላሁ» ትላለች። ዝናብ በሌለበት ወር ጠዋት ስትነሣ ጠጉሯ ርጥብ ነው። እጇን ሲይዟት ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ድንጋይ ትቀዘቅዛለች። ሉቪኒያ ይህን ሁሉ አይታለች። አይታ ደግሞ ጉንፋን ነው ብላለች።

እማማ ቢና ደረቷን ታማ ስለነበር ለብዙ ሳምንት አልመጣችም። የመጣች ቀን የባምያ ሾርባ በድስት ይዛ ነበር። ልጅቷን ገና በር ላይ ስታያት ድስቱን መሬት አስቀመጠች።

«ሉቪኒያ፣ ይህቺን ልጅ ምንድን ነው የምታበያት? ነፋስ?»

«አልበላ ብላ ነው እማማ። ጥርስ እያወጣች ይሆናል።»

«የስንት ዓመት ልጅ ናት ጥርስ የምታወጣው? እኔ የቀሩኝን እየለቀምኩ አንቺ ጥርስ ትያለሽ! አምጫት ወዲህ።»

ሙቅ ውሃ አስቀርባ ገላዋን ልታጥባት ቀሚሷን አወለቀችላት። ከሕፃኗ ገላ የባሕር ዳር ጭቃ ሽታ፣ ብዙ ቀን የሰነበተ ጭቃ ሽታ ተነሣ። ቢና አፍንጫዋን ወደ ልጅቷ አንገት አስጠግታ አሸተተች፤ ከዚያ ማጠቧን ቀጠለች። በዚህ መሐል ፒንዳ ግድግዳውን እያየች፣ ተረት እንደምትደግም ዓይነት፣ መናገር ጀመረች።

«በዚህ አንቀጽ የተመለከተውን ያሟላና በዚህ ግዛት ነዋሪ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ዕድሜው…»

ዝም አለች። ከንፈሯ ቃሉን እየፈለገ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ስትደርስ እንደገና ቆመች።

የቢና እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«እዚህ ጋ ነበር የሚቆመው» አለች ሉቪኒያ ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነበር የሚቆመው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተቀበረ…ትንሽ ቆይቶ።»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጥሽ!»

«ያናግረኛል እማማ። በእሷ በኩል ያናግረኛል። እርሳሱ የት እንዳለ እንኳ ነገረኝ። ስለ እርስዎም፣ ደረቷ አሁንስ እንዴት ነው ብሎ ጠይቋል።»

የአሮጊቷ ዓይን እንባ ሞላ። ወዲያው ግን ልጅቷን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ጠቀለለቻትና በንዴት ተነሣች። «ልጅሽን ስልክ አደረግሻት! የሙት ስልክ! ሽቦው ሲበጠስ ማን የሚሞት መሰለሽ፣ አንቺ?»



«በዚህ እጄ ነው ያሻገርኳት» አለች ቢና፣ ድምፅዋ ወርዶ። «ልጄ በዚያ ሣጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይለቃት ነበር። ሴፈስ ልጁን የሚጎዳ ሰው አይደለም። በምን ላይ ነው ያሻገርናት? ሬንቲን ጥሪልኝ።»

ጋሽ ሬንቲ ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ሣጥኑን ከፊት በግራ በኩል ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ እየሳቀ ገባ።

«ቢና፣ ሚስት ልትሆኚኝ ነው ያስጠራሽኝ? በሰላሳ ዓመት ዘግይተሻል እኮ።»

«አንተ ጥርስ ስታበቅል አገባሃለሁ። ተቀመጥ። ሣጥኑ ከበደህ ወይ?»

የሬንቲ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ጫፉን በጣቶቹ ማሽከርከር ጀመረ። «የሬሳ ሣጥን ነው፤ ይከብዳል።»

«ሬንቲ!»

«ተዪኝ ቢና።»

«ጡቴን ያጠባሁት ልጄ ነው። ንገረኝ።»

ሬንቲ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ዳገቷን ስንወጣ ከፊት ቀና ስናደርገው ውስጡ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ሰው ቢንሸራተት ይመታል፣ ድብ ይላል። ይሄ ድብ አላለም። ሽሽሽ ነው ያለው፣ ረጅም። አሸዋ ነው። አራታችንም ሰማን፣ ተያየን።»

«ዝም አላችሁ።»

«ሸሪፉ ከኋላችን እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ቆሞ ምን እንበል? የእኔም ልጆች አሉ እኮ።»

እውነት ነው፣ ልጆች አሉት። አራቱም ልጆች ነበሯቸው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የአንዲቱ ልጅ አባት ሳይሆን አሸዋ እንደሆነ እያወቁ አፈር አለበሱት፣ መዝሙሩንም ከሌላው ይልቅ ጮክ ብለው ዘመሩ። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ቢናም ልትሰድበው አፏን ከፍታ፣ ፊቱን አይታ ተወችው።

«እንከፍተዋለን» አለች።

«አይሆንም!» አለች ሉቪኒያ። ራሷ በድምፅዋ ጩኸት ደነገጠች። «ሸሪፉ የከፈተ ይታሰራል ብሏል። ሰላሙን ለምን እንነሣዋለን? ተዉት!»

ሸሪፉን ግን አልፈራችም። እውነቱ ከወጣ፣ ሴፈስ ከተገኘ፣ ልጅቷ በደንቡ ከተሻገረች፣ ከዚያ ወዲያ ነገ ከሰዓት ግንዱ ላይ የሚጠብቃት የለም። አንድ ቃል የሚያደርስላት የለም። የፈራችው ይህን ነበር፤ ቢናም ፊቷ ላይ አነበበችው።

«እኔ ልጄ ተወስዶብኛል» አለች አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማ። «አንቺ ግን የራስሽን በእጅሽ እየሰጠሽ ነው።» ድስቱን ትታ ሄደች።

በማግሥቱ ሉቪኒያ አማቷ የዘራችባትን ሐሳብ ማስወጣት አልቻለችም። ውሃው መሸሽ ሲጀምር ፒንዳን ራሷ ግንዱ ላይ አስቀመጠቻት፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር። «ዛሬ አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለቻት፣ ጠጉሯን እያስተካከለች። «የት ነህ በይው። እማዬ የት ነህ አለችህ በይው።»

ፒንዳ ራሷን ነቀነቀች። ሉቪኒያ እሳት ላይ የጣደችው ድስት ስለሸተታት ገብታ አወረደችው፤ የቆየችው ድስት እስኪወርድ ብቻ ነው። ስትመለስ ግንዱ ባዶ ነበር።

ጭቃው ላይ የትንሽ እግር ዱካ ወደ ውሃው ይሄዳል። ሌላ ዱካ አጠገቡ የለም። የትንሿ እግር ዱካ ግን ከቁመቷ በላይ ተራርቋል፤ አዋቂ ሰው እጇን ይዟት እየዘለለች የምትሄድ ልጅ ርምጃ ነው። ሉቪኒያ ሮጠች፣ ጭቃው ጉልበቷ ድረስ እየዋጣት። ፒንዳ አንገቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበረች። አታለቅስም። ቀኝ ክንዷ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ጣቶቿም አንድ ነገር ጨብጠዋል። ወደፊት ትሄድ ነበር።

ሉቪኒያ ወገቧን ይዛ ሳበቻት። አልመጣችም። ያ ክንድ እላይ እንደተያዘ ቀረ፤ ልጅቷ በሁለት ሰው መካከል እንደምትጎተት ሆነች።

«ልቀቃት!» ብላ ጮኸች ሉቪኒያ። «ሴፈስ፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ነኝ የላክኋት! ልቀቃት!»

ክንዱ ወረደ። ሁለቱም ወደ ኋላ ውሃው ውስጥ ወደቁ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?» አለች ፒንዳ፣ ተገርማ። «አንቺ አይደለሽ ጠይቂው ያልሽኝ? ነይ ላሳይሽ አለኝ። እዚያ ነው ያለው።» በትንሿ ጣቷ ወደ ጅረቱ አፍ፣ በድሮ የሩዝ እርሻ ዘመን የተሠራው የውሃ መዝጊያ በር የበሰበሰ እንጨቱ ብቻ ወደቆመበት አመለከተች።

ሉቪኒያ ልብሷን ሳትቀይር፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በቀጥታ ወደ ቢና ቤት ሄደች።

«ክፈቱት» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የደሴቷ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ከፈቱት። ምስማሩን የነቀለው ሬንቲ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ውስጡ የዱቄት ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ተቀዶ አሸዋው ፈስሷል። የሰው ጠጉር እንኳ የለበትም። ቢና ጎንበስ ብላ እፍኝ አሸዋ አነሣችና በጣቶቿ መሐል ለቀቀችው።

«በዚህ ላይ ነው ያለቀስኩት» አለች። «በዚህ ላይ!»

ውሃው ሲሸሽ ወንዶቹ በጀልባ ወደ ውሃ መዝጊያው ሄዱ። የሬንቲ መቅዘፊያ ጭቃው ውስጥ ጣውላ ነካ። የሴፈስ ጀልባ ነበር፣ ተደፍቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፤ ወለሉ በመጥረቢያ ተፈልጧል። እንግዲህ ማዕበል መጥረቢያ ይይዛል? ሴፈስን ከሥሩ አገኙት፣ በሸራ ጠቅልለው አመጡት። ሴቶቹ እንዳያዩት ሊከለክሉ ሞከሩ፤ ቢና ግን እጃቸውን ገፍታ ሸራውን ገለጠች፣ የልጇን ግንባር በመዳፏ ነካች፣ መልሳ ሸፈነችው።

አሸዋውን ደፍተው በዚያው ሣጥን አስተኙት። ሣጥኑን ወንበሮቹ ላይ አሳረፉ። ቢና ወደዚያኛው ጎን ዞራ ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሕዝቡ መዝሙር እያንጎራጎረ ነበር። የሞተር ጀልባ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ሸሪፉ ነው። ወደብ ዳር ሲደርስ ሞተሩ ቀነሰ። ከመቃብሩ እስከ ውሃው የቆመውን ሰው ሁሉ አየ መሰለኝ፣ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወደመጣበት ራቀ።

ሉቪኒያ ፒንዳን አነሣች። የላባ ያህል ቀልላለች። ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ በላይ አሻቅባ አየችና ፈገግ አለች።

«ከኋላሽ ቆሟል» አለች።

ሉቪኒያ ጀርባዋ በረዳት። ማጅራቷ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ወደቀ፣ ቀጥሎ ሌላ። አልዞረችም። አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበብከው ወይ፣ ስምህን ጻፍክ ወይ፣ ሲመቱህ እኔን ጠራህ ወይ፣ ሁሉም ጥያቄ ባንድ ጊዜ ምላሷ ላይ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢነግራት። ፒንዳ ደግሞ መልእክት ለመቀበል አንገቷን አቅንታ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ጠበቀች።

ሉቪኒያ የልጇን አፍ በመዳፏ ዘጋች፣ በቀስታ።

«ተይ የኔ ልጅ። ነገ ከተማ ሄጄ አንቀጹን ራሴ አነብላቸዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ድምፅዋ ተሰባበረ። «ሴፈስ፣ ልጅህን ልቀቅ። እኔንም ልቀቀኝ።»

ልጅቷን በሣጥኑ ላይ አሳልፋ ሰጠች። ቢና ስትቀበላት ክብደቷ እጇን ወደ ታች ሳበው፤ «ኦ!» አለች አሮጊቷ፣ «ከበደች!» ብላ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። የሉቪኒያ ጀርባ ላይ ፀሐይ አረፈ፣ ሞቀ። ከኋላዋ ማንም እንደሌለ ሳትዞር አወቀች።

ሴፈስን ቀበሩት። ሬንቲ ነገ ጠዋት ጀልባዬ ወደ ከተማ ትሄዳለች፣ ንባብ ያወቀ ይሳፈር ብሎ ተናገረ፤ ሰዎች ከመቃብሩ ዳር ሳይለቁ ቦታ ይዤያለሁ፣ እኔም ይዤያለሁ እየተባባሉ ተሻሙ። ሉቪኒያ በመቃብሩ ዙሪያ ዞራ ልጇን ከቢና ተቀበለች። እጇ ሞቋል። ጠጉሯ ደርቋል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ደስም አላት፤ ግን ሳትጠይቅ መቆየት አቃታት።

«ፒንዳ» አለቻት በጆሮዋ። «አባዬስ?»

ልጅቷ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ የቆሙትን ወንዶች ተራ በተራ ተመለከተች፤ ሬንቲን፣ ሽማግሌዎቹን፣ አካፋ የያዙትን ጎረምሶች። እያንዳንዱ ፊት ላይ ትንሽ ቆየች፣ የማታውቀውን ሰው ፈልጊ እንደተባለች ልጅ።

«የቱ ነው?» አለች።

ሉቪኒያ እዚያው አዲሱ አፈር አጠገብ ተቀመጠች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አደረገችና ስለ አባቷ ከስሙ ጀምራ ትነግራት ጀመር። ፒንዳም ስለ አንድ እንግዳ ሰው እንደሚነገራት ሁሉ ዝም ብላ አዳመጠች።